የሸዋነሽ ጉልበት

ሸዋነሽ አድማሴን ፎገራ ሜዳ ላይ የሚያውቃት ሰው ሁሉ በአረም ነው የሚያውቃት። እሷ ከገባችበት ማሳ፣ ሩዝ መስሎ የተደበቀ አረም አይተርፍም ይባልላታል። ከወረታ ወደ ጣና በሚወርደው ሜዳ ላይ ተወልዳ፣ እዚያው ተድራ፣ እዚያው ወልዳ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች ሴት ናት። ልጅ ሳለች ሜዳው የከብት ነበር። ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ከአፋቸው ሲወጡ አገሩ ውሃ ይለብሳል፤ ውሃው ሲሸሽ በእርጥቡ መሬት ላይ ጓያና ሽንብራ ይዘራል፤ የቀረው ሣር ነው። በኋላ ሩዝ መጣ። መጀመሪያ «የወፍ ቀለብ» እያሉ የሳቁበት ሽማግሌዎች ጥቂት ዓመት ቆይተው ግጦሹን ሳይቀር ሩዝ ዘሩበት። ሰው ሲያማርረው የኖረ ውሃ ሀብት ሆነ። ቆርቆሮ ቤት የሠራው በሩዝ ሠራ፤ ልጅ ያስተማረው በሩዝ አስተማረ።

ሩዝ ግን ጎንበስ የሚል ሰው ይፈልጋል። ክረምቱን ሙሉ፣ ውሃው እስከ ቅልጥም በሚደርስበት ጭቃ ውስጥ ወገብን አጥፎ፣ አልቅት ከባት እየነቀሉ ማረም ነው። ወንዱ አርሶ በሬውን ይፈታል፤ አረሙ በአብዛኛው የሴት ነው። ሸዋነሽ ጉልበቷ መጀመሪያ ሲያማት ብርድ ነው አለች። ሲያብጥ ምች ነው አለች። ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወርዳ ተነከረች፤ ቅቤ አሳሸች፤ ጠበል ተጠመቀች፤ ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን ክኒን ጨጓራዋ እስኪነድ ድረስ ዋጠች። አንድ ዓመት የሩዙ አጨዳ ሲያበቃ፣ መሬት ከተቀመጠች ያለ ሰው እጅ የማትነሳ ሆና አረፈችው። ከሁሉ የከበዳት ሕመሙ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን ሌላው ሲሰግድ እሷ ግድግዳ ተደግፋ መቅረቷ ነበር።

ባሏ ቢሻው ረጅም፣ ቃል የማያበዛ፣ ከብት ወዳድ ሰው ነው። በሬዎቹን ከማዶ ሆኖ በስማቸው ሲጠራ ጆሯቸውን ቀጥ አድርገው ይመጡለት ነበር። ዕድሜው እየገፋ ሲሄድ ደም ብዛት ስለተገኘበት በየወሩ ወረታ ጤና ጣቢያ ወጥቶ ክኒን ያመጣል። ክኒኑን አንድ ቀን አያጓድልም። ጾሙንም አንድ ቀን አያጓድልም። ሴት ልጃቸው ፀደይ ሐሙሲት ተድራ ትኖራለች። ከቤታቸው ያደገ ሌላ ልጅም ነበራቸው፤ ሰውመሆን።

ሰውመሆን የሸዋነሽ የሟች ወንድሟ ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት እናቱ ሌላ ባል አግብታ ቆላ ወረደች፤ ልጁን ሸዋነሽ በጀርባዋ አዝላ ወደ ቤቷ አመጣችው። ከፀደይ ጋር ከአንድ ገበታ አብልታ፣ ወባ ሲጥለው አብራው እየነደደች አሳደገችው። «እታለም» ነው የሚላት። ሲጎረምስ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ዱባይ ሄደ፤ እዚያ ሀብታሞች ለመታሸትና ለመታጠብ በሚመጡበት ቤት ፎጣ እያቀበለ ብዙ ዓመት ኖረ። ሲመለስ አገሬው መኪና ይዞ ይመጣል ብሎ ጠብቆ ነበር። እሱ ግን ሣጥን ይዞ መጣ።

ኢንፍራሬድ ሳውና ይባላል። ወረታ ላይ ከዋናው መንገድ ዳር ሁለት ክፍል ተከራይቶ አቆመው። ነጣ ካለ እንጨት የተሠራ፣ የመስተዋት በር ያለው፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ነው። ከውስጥ ግድግዳው ላይ የተለጠፉ ጥቁር ሰሌዳዎች መብራት ሲያገኙ ሙቀት ይረጫሉ። እንፋሎት የለውም፤ ጭስ የለውም። የወረታ ሰው ስሙን መጥራት አስቸግሮት «ሣጥኑ» ብሎ ቀረ።

«እንደ ወይባ ጭስ ነው?» ብላ ጠየቀችው ሸዋነሽ መጀመሪያ ስታየው።

«አይደለም እታለም። ይሄ አየሩን ትቶ ቀጥታ ሥጋሽን ነው የሚያሞቅ። ጥር ላይ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቂ አየሩ ብርድ ነው፣ ፊትሽ ግን ይሞቃል አይደል? እሱን በይው። ዓይን የማያየው ብርሃን ነው።»

«አያቃጥልም?»

«ካቃጠለሽ እኔን አቃጥይኝ» አለና ሳቀ።

ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። መጀመሪያ ምንም አልተሰማትም፤ ልጄን አታለሉት እንዴ ብላ አዘነችለት። ቆይቶ ሙቀቱ ከቆዳዋ አልፎ ወደ ውስጥ ሲዘልቅ ታወቃት። ጉልበቷ ውስጥ ዘመን የተጋገረ ነገር እንደ ቅቤ ላላ። ላቧ ከግንባሯ እስከ እግር ጣቷ ወረደ። ሰውመሆን በሩን ከፍቶ አወጣት፤ ፎጣ አልብሶ ውሃ አጠጣት፤ «ሁሉንም ጠጪው እታለም፤ የወጣው መመለስ አለበት» እያለ ብርጭቆውን ሁለቴ ሞላላት። ያን ዕለት ስትተኛ ጉልበቷ አልቀሰቀሳትም።

ተመላለሰች። ጥር አልቆ የካቲት ሲገባ ጉልበቷ እየታጠፈ ሄደ። ሑዳዴ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተንበርክካ ሰገደች፤ ማንም ሳይይዛት ተነሳች። ከጎኗ የነበረችው ወለተ ሐና እልል ልትል አፏን ከፍታ ጾም መሆኑ ትዝ ሲላት በነጠላዋ አፈነችው። ሸዋነሽ አለቀሰች። ይህ ውሸት አልነበረም። በኋላ ስንት ነገር ሲመጣም ያን ጠዋት ውሸት ነበር ብላ አታውቅም።

ሰው ሲድን ዝም አይልም። ሸዋነሽ በገበያ፣ በወፍጮ ቤት፣ በለቅሶ ቤት ሣጥኑን አወራች። «እኔን ያያችሁ» ነበር ቃሏ። ወገቧ የተቆረጠባት፣ ትከሻዋ የታሰረባት፣ ሁሉም ወደ ወረታ ወጣ። አንበሳሜ ድረስ ወሬው ደርሶ ከዚያም መጡ። ሰውመሆን ደስ ብሎት አንድ ቀን ፎቶ አነሳት። ነጭ ለብሳ፣ ፈገግ ብላ፣ አንድ ጉልበቷን አጥፋ። ከዚያ በቁመቷ ልክ በሸራ አሳትሞ ከበሩ በላይ ሰቀላት። ከሥሯ «ለመገጣጠሚያ፣ ለወገብ፣ ለስኳር፣ ለደም ብዛት፣ ለኩላሊት። ከሰውነት መርዝ ያወጣል» ተብሎ ተጽፎበታል። ማንበብ ስለማትችል ጽሑፉን ያነበበላት ራሱ ነው።

«እኔ ስኳርም ኩላሊትም የለብኝ» አለችው።

«አንቺ ባይኖርብሽ ሌላው አለበት።»

በዚያው ሰሞን ከቢሻው ጋር ክኒን ለማምጣት ጤና ጣቢያ ሄዱ። ክኒኑን የምትሰጣቸው ነርስ ትሕትና ትባላለች፤ የአገሩ ልጅ ናት፣ ሽማግሌ ስታነጋግር ከወንበሯ ትነሳለች። የሸዋነሽን አካሄድ አይታ ምን አግኝታ እንደዚህ እንደተሻላት ጠየቀቻት። ሸዋነሽም ደስ ብሏት ነገረቻት።

«እሰየው እናቴ» አለች ትሕትና። «ሙቀት የታሰረን ያላላል፣ ሕመም ያስታግሣል፤ እንቅልፍም ይሰጣል። ግን የተበላውን አጥንት አይመልስም። ውሃ ውስጥ ጎንበስ ካሉ ተመልሶ ይመጣል፤ እንዳይታለሉ። መርዝ ያወጣል የሚሉትንም አይመኑ፤ ላብ ላብ ነው። ሲገቡም ሲወጡም ውሃ ይጠጡ።» ከዚያ ወደ ቢሻው ዞረች። «እርስዎ ግን አባቴ ዝም ብለው እንዳይገቡ። ይህ የሚውጡት ክኒን በሽንት ውሃ እያስወጣ ነው ግፊቱን የሚያወርደው። ሙቀቱም ያወርዳል። ሁለቱ ተደርበው እንዳይጥሉዎት። መጀመሪያ ሐኪሙ ይይዎት።»

«እኔ ምን ላደርግ እገባለሁ» አለ ቢሻው።

ሸዋነሽ ይህን ስትሰማ ደስ አላላትም። ያዳናት ነገር ሲነቀፍ የተነቀፈችው እሷ መሰላት። ሲመለሱ በሰውመሆን ቤት ጎራ ብለው ነገረችው።

ሰውመሆን ሳቀ። «ነርሷ ምን ትበል? ሰው ሁሉ ከዳነ ክኒኑን ማን ይወስድላታል? እኔ በነበርኩበት አገር የልብ ሕመምተኛ ሳይቀር ሐኪም እየላከው ይመጣ ነበር። ደም ብዛት ያወርዳል ብላ አልነገረቻችሁም? እሷው ራሷ መሰከረች እኮ!» ከዚያ ቢሻውን አየ። «ጋሼ፣ እርስዎ ያሳደጉኝ ሰው ነዎት። እርስዎ ካልገቡ አገሩ ምን ይለኛል? ሚስቱ ስትድን እሱ ለምን ፈራ አይሉም?»

ቢሻው ክኒኑን ይዞ ወጣ። ቤታቸው ሲገቡ ግን ሸዋነሽ ያዘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማለት ነው። በእራት ላይ፣ በጎታው ሥር፣ ከብት ሲታለብ። ራሱን ሲያመው «ይኸው» ትላለች። ወገቡን ይዞ ሲነሳ «ይኸው» ትላለች። «ልጁ ተቀይሟል። እኔን አታየኝም? እኔ የሞትኩ ነበርኩ እኮ!»

«አንቺ አንቺ ነሽ፣ እኔ እኔ ነኝ» ይላታል።

ሰው በቤቱ ሰላም ለማግኘት ስንት ነገር ያደርጋል። ቢሻውም አንድ ጊዜ ገባ፤ ከሰዓት በኋላ፣ ጾም ፈትቶ፣ ውሃ ጠጥቶ። ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ወገቡ ቀለል አለው። ሸዋነሽ ደስ ብሏት መንገዱን ሁሉ ስታወራ ተመለሰች። ሁለተኛው ጊዜ መጋቢት ውስጥ ዓርብ ቀን ነበር።

ያን ቀን ቢሻው ሲነጋ ጀምሮ ርብ ዳር ሽንኩርቱን ውሃ ሲያጠጣ አርፍዶ ነበር። ክኒኑን ጾም መያዣው ሳይደርስ፣ ጎህ ሳይቀድ ውጦታል፤ ከዚያ ወዲህ ከአፉ የገባ ነገር የለም። ወረታ የደረሱት ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው። ሰውመሆን ቤት ሰው ሞልቷል፤ ከአዲስ ዘመን ከተማ የመጡ ነጋዴዎች ሣጥኑን ለመግዛት ይሁን ለመጋራት ሲነጋገሩ ነበር። እነዚያ እንዲያዩለት ይሆናል፣ ቢሻውን ሲያይ ክንዱን ይዞ ወደ ውስጥ አስገባው።

ብርጭቆ ውሃ አቀረበለት። እውነቱን መናገር ካስፈለገ አቅርቦለታል።

«ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን?» አለ ቢሻው። «ውሰደው።»

«እሺ ጋሼ፣ ሲወጡ ይጠጣሉ።»

መጀመሪያ አካባቢ ሰውመሆን ውሃ ያልጠጣ ሰው አያስገባም ነበር። ሑዳዴ ሲገባ ግን ጾመኛው ሁሉ ብርጭቆውን እያየ መመለስ ጀመረ፤ ከሰዓት በኋላ ብቻ ኑ ቢል ደግሞ መብራት የሚጠፋው ከሰዓት በኋላ ነው። ስለዚህ ብርጭቆውን ያቀርባል፣ ሲመልሱለት ይቀበላል፣ በሩን ይዘጋል። ለቢሻውም እንደዚያው ዘጋ። ዘግቶ ወደ ነጋዴዎቹ ወጣ።

ሸዋነሽ ከደጁ ካለው አግዳሚ ላይ፣ ከራሷ ሥዕል ሥር፣ ከሁለት ሴቶች ጋር ተቀምጣ ጉልበቷን እያጠፈች እየዘረጋች ታሳይ ነበር። ጨዋታው ደርቶ ጊዜው እንደሄደ አላስተዋለችም። ሰውመሆንም አላስተዋለም። ቢሻው ደግሞ ሙቀቱ ሲበዛበት በሩን ደብድቦ አውጡኝ የሚል ሰው አልነበረም፤ እስኪጠሩት ተቀመጠ። በመጨረሻ በቃኝ ብሎ ነው መሰል ብድግ አለ። ረጅም ሰው ነው፤ ሲነሳ ብድግ ብሎ ነው የሚነሳ።

የሰማችው የጆንያ መውደቅ ነው የመሰላት።

ሲገቡ ከሣጥኑ በር ውጭ፣ ሲሚንቶው ላይ በጎኑ ወድቆ አገኙት። ዓይኑ ተገልጧል፤ ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ከላቡ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ሰውመሆን በውሃ ፊቱን አበሰው። ቢሻው ነፍሱ ስትመለስ መጀመሪያ ያለው «ምን ሆኜ ነው?» ነው። ሊያነሱት ሲሞክሩ ግን የጮኸው ጩኸት ከመንገድ ማዶ ተሰማ። ቀኝ እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ዞሯል።

ጤና ጣቢያው የዳሌው አጥንት ተሰብሯል ብሎ ወደ ባሕር ዳር ጻፈለት። መንገዱ ግን እንደ ልብ የማይኬድበት ሰሞን ነበር። አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ቢሻው ወረታ ላይ አልጋ ይዞ፣ እግሩን በአሸዋ ከረጢት አስደግፎ መንገድ ሲከፈት ጠበቀ። ትሕትና በእጁ ላይ ጉሉኮስ ሰክታ ከጎኑ አመሸች። ሸዋነሽ ‹ነግሬዎት ነበር› ትለኛለች ብላ ፊቷን ስትሸሽ አመሸች። ትሕትና ያን አላለችም።

«እናቴ፣ ይወቁት ብዬ ነው» ብላ ጀመረች። «ክኒኑ ውሃ አስወጣ፣ ፀሐዩ ውሃ አስወጣ፣ ሣጥኑ ውሃ አስወጣ፤ የገባ ውሃ የለም። በሙቀት ደም ሥር ይሰፋል፤ ደሙ ወደ እግር ይወርዳል። ድንገት ሲነሱ ራስ ላይ የሚደርስ ደም አነሰ። እንዲህ ነው የሆነው። የእግዜር ቁጣ ነው እያሉ እንዳይጨነቁ።»

ሸዋነሽ የእግዜር ቁጣ ቢሆን ይሻላት ነበር። ከቁጣ ጋር ይታረቃሉ።

መንገድ ተከፍቶ ባሕር ዳር ደርሶ በብረት ተጠገነ። ግን ብዙ ቆይቶ ነበር፤ እንደ ቀድሞው አልሆነም። ሲመለስ በሁለት ምርኩዝ ከመደቡ እስከ ደጅ ይሄዳል፤ ከደጅ አያልፍም። በሬዎቹን የወንድሙ ልጅ ወሰዳቸው። በመንደሩ መንገድ ሲያልፉ ድምፃቸውን ይሰማል፤ አይጠራቸውም።

ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ተቀመጠ። የሁሉም የንስሐ አባት የሆኑት ቄስ ገብረ ሐና መሐል ሆኑ፤ ከወዲህ ሸዋነሽና ልጇ ፀደይ፣ ከወዲያ ሰውመሆን። ፀደይ ነገሩን ሁሉ ተናገረች። ስታበቃ ሰውመሆን ከመሬት ላይ ዓይኑን ሳያነሳ መለሰ።

«እኔ ውሃ አቅርቤ ነበር። ጋሼ ይመስክሩ። አልጠጣም ያሉት እሳቸው ናቸው። አልገባም ሲሉ እየጎተጎተች ያመጣቻቸውም እሷ ነች። ነርሷም አስጠንቅቃቸው ነበር፤ ራሷ እታለም ነግራኛለች። እኔ በየት በኩል ነው ያጠፋሁት?»

ከተናገረው አንዱም ሐሰት አልነበረም። ሸዋነሽ እጇን አየች። በዚያ እጅ ነበር ወባ ሲያነደው ግንባሩን የምታበርደው። ባጎረስኩ እጄን ተነከስኩ የሚለው ተረት እስከዚያ ቀን ተረት ብቻ ነበር።

«ታውቅ ነበር» አለችው በመጨረሻ። «እኔ አላወቅሁም ነበር፤ ሰምቼ አላመንኩም፤ ማይም ነኝ። አንተ ግን ታውቅ ነበር። እኔን መጀመሪያ ስታስገባ ‹ሁሉንም ጠጪው› ያልክ አንተ ነህ። ሑዳዴ ሲገባ ምን አስረሳህ?»

ቄስ ገብረ ሐና ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለታመመ ሰው ውሃ ማን ከለከለው?» አሉ። «ጾም እኮ ሰው ለመግደል አልተሠራም። ብትጠይቁኝ አንድ ቃል ነበር። አንድ ሰው መጥቶ አልጠየቀኝም።» ይህን ሲሉ የተቆጡት በማን እንደሆነ አልታወቀም። ሽማግሌዎቹ ግን ለመጨረስ ቸኩለዋል። ሰውመሆን ለኪዳነ ምሕረት ቤተ ልሔም አዲስ ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ነው፤ ይህን ማንም አፍ አውጥቶ አልተናገረም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። «የሥጋ ዘመድ ነው፤ ሆን ብሎ አላደረገውም፤ ይቅር ተባባሉ» አሉ። መስቀል ተሳለሙ። ሸዋነሽ ከመነሳቷ በፊት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«ያን ሥዕሌን አውርደው።»

«አወርደዋለሁ እታለም» አለ።

አላወረደውም። ግንቦት ውስጥ በገበያ ቀን በዚያ ስታልፍ ሸራው ላይ ነጭ ለብሳ ትስቃለች። ከፊቷ ቆማ ስታይ አንዲት ሴት አሮጊት እናቷን ደግፋ መጣች። ከሐሙሲት ነው የመጣነው አለች። ሸራውን አየች፣ ሸዋነሽን አየች።

«እርስዎ ነዎት አይደል? እውነት ያድናል?»

ሸዋነሽ መዋሸት አልፈለገችም፤ ዝም ማለትም አልቻለችም።

«ጉልበቴን አሽሎኛል» አለች። «ባሌን ደግሞ ጥሎብኛል። እናትሽ የደም ብዛት ክኒን ትወስዳለች?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ጤና ጣቢያ ሂጂና ጠይቂ። ትሕትና የምትባል ልጅ አለች።»

ሴትየዋ ወደ ሸዋነሽ ጉልበት አየች። ያለ ምርኩዝ፣ ያለ ደጋፊ ቀጥ ብሎ የቆመ ጉልበት ነው። ከዚያ እናቷን ይዛ ወደ ውስጥ ገባች። ሸዋነሽ ከተከፈተው በር ሰውመሆን ብርጭቆ ይዞ ሲመጣ አየች፤ አሮጊቷ መቀበሏን ሳታይ ሄደች።

ሐምሌ ገባ። ርብ ሞላ፤ ሜዳው ውሃ ለበሰ። ድሮ አረም ሲበረታ ቢሻው ራሱ ወርዶ ያግዛት ነበር፤ የእሷ ባል በዚያ ከሌላው ይለይ ነበር። አሁን ቢሻው መደብ ላይ ነው። ፀደይ የራሷ ማሳ አላት። ሸዋነሽ ብቻዋን ገባች። ሁለት ሳምንት ያህል ጉልበቷ ቻለ። ከዚያ አንድ ጠዋት ውሃው ውስጥ ጎንበስ ስትል ያ የምታውቀው ነገር ከአጥንቷ ውስጥ ነከሳት። ማታውን አበጠ። በማግስቱ ቢሻውን ደግፋ ለማንሳት መደቡ አጠገብ ስትንበረከክ መነሳት አቃታት። ሁለቱም መሬትና መደብ ላይ ሆነው ተያዩ፤ ጎረቤት ተጠርቶ አነሳት።

ትሕትና የነገረቻት ይህንን ነበር። ሸዋነሽ ጤና ጣቢያ ወጣች። ትሕትና ደም ግፊቷን ለካችላት፤ ደህና ነው አለች። ልትሰጣት የምትችለው ያንኑ ጨጓራ የሚያነድ ክኒን ነበር። «ማረፍ ነው መድኃኒቱ፤ ውሃ ውስጥ አይግቡ» አለቻት፤ ብላም አፈረች፤ ሐምሌ ላይ ፎገራ ውስጥ ለማን እንደምትናገር ታውቃለች።

ከጤና ጣቢያው ስትወጣ እግሯ ወደ ቤት አልዞረም። ሣጥኑ ያለበት ቤት ስትደርስ ሸራውን ቀና ብላ አላየችውም። ሰውመሆን ደጁ ላይ ነበር፤ ሲያያት ከወንበሩ ተነሳ።

«ክፈተው» አለችው።

«እታለም...»

«ክፈተው ነው የምልህ። ሩዙ አረም በላው።»

ውሃ ሊያመጣላት ሮጠ። አልተቀበለችውም፤ ከቤቷ በጆግ ይዛ የመጣችውን አውጥታ በፊቱ ጠጣች። ገብታ ተቀመጠች። ቢሻው የተቀመጠበት ቦታ እንዳይሆን ወደ ጥግ ተጠጋች፤ ግን አግዳሚው አጭር ነው፤ የትም ብትሆን የተቀመጠበት ነው። ሙቀቱ መጣ። እንደ በፊቱ ከቆዳዋ አልፎ ገባ፤ እንደ በፊቱ የታሰረው ላላ። እንባዋና ላቧ አብረው ወረዱ። እንዳይሠራላት ተመኝታ ነበር፤ ግን ሠራ።

ሰውመሆን በዚያ ሁሉ ጊዜ ከመስተዋቱ ፊት አልተነቃነቀም። ሰዓቱ ሲደርስ ከፈተና «ቀስ ብለሽ ተነሺ እታለም። መጀመሪያ ቁጭ በይ፤ ትንሽ ቆይተሽ ነው የምትቆሚ» አላት። ክንዱን ዘረጋላት። ሸዋነሽ የእንጨቱን ጠርዝ ይዛ ራሷ ተነሳች።

ቤት ስትደርስ ቢሻው ነቅቶ ነበር። እርጥብ ፀጉሯን አየ። ዝናብ አልዘነበም።

«ወረታ ነበርሽ?» አላት።

«ወረታ ነበርኩ።»

«ከሣጥኑ?»

«አዎ።»

ከደጅ ውሃው በቦዩ ሲወርድ ይሰማል።

«ጉልበትሽን ተሻለው?»

«ተሻለው» አለች።

«እንግዲያስ ነገ ታርሚያለሽ» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።